ማንኛውም ማስወንጨፊያ

ለምሳሌ ስትናደድ በር አታንኳኳም። የዚያን ቀንም የዋና አዘጋጁን ቢሮ በር በርግዳ ገባች፤ በሩ ከግድግዳው ተላትሞ ሊመለስባት ሲል በክርኗ ገታችው።

«ጋሼ፣ ሁለተኛውን ፍቺ ማነው ያወጣው?»

ሰውየው ቶሎ ቀና አላሉም። በቀይ ብዕራቸው አንድ መስመር እየተከተሉ ነበር። መስመሩን ጨርሰው፣ ብዕሩን ከድነው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከሰቀሉ በኋላ ነው ያዩዋት።

«መጀመሪያ ደህና አደሩ ይባላል።»

«እኔ ደህና አላደርኩም።»

በዚህ መዝገበ ቃላት በሚዘጋጅበት መሥሪያ ቤት ሰው እናት አባቱ ባወጡለት ስም አይጠራም። እሷ ማንም ሰው አንድ ቃል ባነሳ ቁጥር «ለምሳሌ?» እያለች ስለምታፋጥጥ ለምሳሌ ተብላ ቀረች። ቃል በምሳሌ ካልታየ ቃል አይደለም ባይ ናት። አለቃዋ ደግሞ በየገጹ ጠርዝ ላይ በቀይ «ይቆረጥ» ብለው ስለሚጽፉ ከጀርባቸው ጋሼ ይቆረጥ ይባላሉ። ፊት ለፊት ግን ጋሼ ብቻ ናቸው፤ የደመወዙን ወረቀት የሚፈርሙት እሳቸው ናቸውና ማን ደፍሮ። መቼም ሁለቱ አይስማሙም። አንዷ ትጨምራለች፣ አንዱ ይቆርጣል፤ መዝገበ ቃላቱ በሁለቱ ጠብ መካከል ተወልዶ፣ ወፍሮ፣ ጠርዙ በወርቅ ቀለም ተቀብቶ ከወጣ ገና ዓመትም አልሞላው።

አሁን ያጣላቸው አንድ ቃል ነው። ማስወንጨፊያ።

ነገሩ የመጣው በታናሽ ወንድሟ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጣሪያ ለጣሪያ ሲሄድ ስላደገ የሰፈሩ ሰው ድመት ይለዋል። አድጎም ከጣሪያ አልወረደም፤ የኢንተርኔት ኬብል ከፎቅ ወደ ፎቅ መዘርጋት ሥራው ሆነ። በሁለት ፎቆች መካከል ሰፊ መንገድ ሲኖር ገመድ በእጅ ተወርውሮ አይደርስም። ስለዚህ ድመት የክንድ ያህል ርዝመት ባለው የብረት ቱቦ ላይ ካላማዳሪያ፣ የብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ ወጥሮ አንድ መሣሪያ ሠራ። ቱቦው ውስጥ ጫፉ ላይ ሲባጎ የታሰረበት የእንጨት ዘንግ ያስገባል፣ ጎማውን ወደ ኋላ ይለጥጣል፣ ይለቀዋል። ዘንጉ መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ጣሪያ ላይ ዱብ ይላል። እዚያ የቆመው ጓደኛው ሲባጎውን ይስባል፤ ሲባጎው ገመዱን፣ ገመዱም ኬብሉን ይዞ ይሄዳል። የሙያው ሰዎች ሁሉ መሣሪያውን ማስወንጨፊያ ይሉታል። ሌላ ምን ይበሉት?

አንድ ምሽት ድመት ለሥራ ጓደኛው መልእክት ጻፈ። «ማስወንጨፊያውን ጣሪያው ላይ ትቼዋለሁ። ጠዋት ወደ ባንኩ እንተኩሳለን። አንተ ማዶ ሆነህ ጠብቅ» ይላል። አውራ ጣቱ ስታ ላከችውና መልእክቱ ጓደኛው ዘንድ በመሄድ ፈንታ የሚሠሩበት ሕንፃ ተከራዮች በሙሉ ያሉበት የስልክ ቡድን ውስጥ ወደቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከጣት የወጣው ደግሞ አፋፍ ላይም አይቆምም። ጠዋት ፖሊስ መጥቶ ድመትን ከነሻዩ፣ መሣሪያውን ከነጎማው ወሰደው።

ጓደኛው ተጠየቀ፣ አሠሪው ድርጅት ተጠየቀ፤ ወደ ባንኩ የሚተኮሰው ዘንግና ሲባጎ መሆኑን መርማሪው ራሱ አመነ። በዚህ ማለቅ ነበረበት። ግን ሕግ የሚባል ነገር አለ። በቅርብ የወጣ፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀ ሕግ «ማንኛውንም ማስወንጨፊያ ያለ ፈቃድ ይዞ የተገኘ» እያለ ይጀምርና በእስራት ይጨርሳል። ማስወንጨፊያ ማለት ምን እንደሆነ ግን የትም ቦታ አይናገርም። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ወንበራቸው ላይ ተደላድለው «ማንኛውንም» ብለው ሲጽፉ አንድ ሰው እንኳን ከመካከላቸው ተነስቶ «ለምሳሌ?» አላለም።

ታዲያ በመጀመሪያው ችሎት ዐቃቤ ሕጉ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ያንን በወርቅ ቀለም የተቀባ መዝገበ ቃላት ከቦርሳው አውጥቶ ገለጠ። ለምሳሌ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ነበር። «ማስወንጨፊያ» ብሎ አነበበ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ሮኬት፣ ሚሳይልና የመሳሰለው ወደ ዒላማ የሚተኮስበት የጦር መሣሪያ። ተከሳሹ ማስወንጨፊያ አለኝ ብሎ በራሱ እጅ ጽፏል። ነገሩ ግልጽ ነው።» ለምሳሌ የምትሰማውን ማመን አቃታት። ገጹ የእሷ ነው። ቃሉን የፈታችው እሷ ናት። ግን የጻፈችው ሁለት ፍቺ ነበር፤ ሁለተኛው «ማንኛውም ነገር በመለጠጥ ወይም በጉልበት ርቆ እንዲሄድ የሚደረግበት መሣሪያ» የሚል ሆኖ፣ የኬብል ሠራተኞችን አነጋገር ምሳሌ አድርጋ ያስገባችበት ነበር። ምሳሌውንም ያገኘችው ከዚሁ ከወንድሟ አፍ ነው። አሁን ያ ፍቺ የለም። ዳኛዋ መጽሐፉን ተቀብለው አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ መዝገበ ቃላቱን ያዘጋጀው ተቋም የቃሉን ትርጉምና አገባብ በጽሑፍ እንዲያስረዳ አዘዙ።

የፍርድ ቤቱ ደብዳቤ አሁን ጋሼ ይቆረጥ ጠረጴዛ ላይ ነው።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት» አሉ ጋሼ ይቆረጥ። «ገጹ ሞልቶ ነበር። ሁለት መስመር ወደ ሚቀጥለው ገጽ ሊሻገርብኝ ሆነ። ቆረጥኩት።»

«ሁለት መስመር።»

«ሁለት መስመር።»

«ስለዚህ ወንድሜ ሁለት መስመር ስለተረፈዎ ይታሰር?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«አሁን ለፍርድ ቤቱ ሲመልሱ ይጻፉታ። ሁለተኛ ፍቺ ነበረው፣ ለቦታ ሲባል ቀርቷል ይበሉ። ምን ይከብዳል? አንድ አረፍተ ነገር ነው።»

ጋሼ ይቆረጥ ደብዳቤውን አንስተው በጣታቸው አስተካክለው መልሰው አስቀመጡት። ቁርጥ ውሳኔ ላይ የደረሱ ጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። «ስሚ፤ መጽሐፉ ታትሟል። በየቢሮው፣ በየትምህርት ቤቱ ገብቷል። ዛሬ አንድ ቃል ጎድሏል ካልን ነገ ሁሉም ቃሉን ይዞ በራችን ላይ ይሰለፋል። እኛ የተናገርነውን እኛው ካጠፍነው ማን ያምነናል? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ብለውናል አባቶች።»

ለምሳሌ ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ።

«የወለዱትማ የእናቴ ልጅ ነው፣ ጋሼ። የሚጠፋው እሱ ነው። እርስዎ ምንም አይጠፋብዎትም።»

ሰውየው ደነገጡ። ተረቱን የተረቱት እንደው ለአፋቸው ነበር፤ ማን ፊት እንደሆነ ያሰቡት ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ተረጋጊ። ይሄ ቃል ጠበብ ብሎ ቢቆይ ለወንድምሽም ሳይሻለው አይቀርም። አንቺ ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም።»

«ያስፈራሩኛል?»

«እየመከርኩሽ ነው።»

«ምክርዎን ይቁረጡት» ብላ ወጣች። በሩን ክፍት ትታው ነው የወጣችው፤ ጋሼ ይቆረጥ የኮሪደር ንፋስ እንደሚጠሉ ስለምታውቅ።

መልሱ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት ግልባጩን የጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ አየችው። «ማስወንጨፊያ የሚለው ቃል ትርጉም በመዝገበ ቃላቱ የሰፈረው ብቻ ነው፤ ይኸውም ሮኬትና የመሳሰለው የሚተኮስበት የጦር መሣሪያ ማለት ሲሆን ሌላ ፍቺ የለውም» ይላል። ሌላ ፍቺ የለውም! ለምሳሌ ይቺን አረፍተ ነገር ቆማ አነበበቻት፣ ተቀምጣ አነበበቻት። ተራ ውሸት በሆነች ይሻላት ነበር። እያወቁ የተቆረጠ እውነት ነው ያናደዳት፤ ያውም በማኅተም።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት እናቷ የድመትን ሸሚዝ ስትተኩስ ደረሰች። እናትየው ካውያውን ኮሌታው ላይ ረጋ አድርጋ ታስኬደዋለች፤ ልጇ ዳኛ ፊት ተጨማድዶ እንዳይቆም ነው ጭንቀቷ። ከታሰረ ወዲህ የምትተኛው እንዲያው ለስሙ ነው፤ ዓይኗ ስር ጠቁሯል፣ አፏ ግን እንደ ወትሮው ነው።

«እንዴት ሆነ ደብዳቤው?»

«ያው ነው እማዬ። የጦር መሣሪያ ነው ብለው ጻፉ።»

«እንዴ፣ የአንቺ አለቃ አይደሉም እንዴ?»

«አለቃዬማ ናቸው።»

እናትየው ካውያውን አቆመችው። «አንቺ ልጅ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ቃል ስትፈቺ ነው የኖርሽው። ባል አላየሽ፣ ዓለም አላየሽ፣ ቃል ትፈቻለሽ። እስቲ ዛሬ ደግሞ ወንድምሽን ፍቺልኝ» አለቻት።

ለምሳሌ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። መንገዱን ሁሉ በልቧ ስትከራከር ነው የሄደችው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያዩ ሰዎች ዘወር ብለው አይተዋታል። ደስ ብሏትም ነበር ማለት ይቻላል። ንዴት አንዳንዴ እንደዚህ ነው፤ አፍህ ሙሉ፣ ቃልህ የተሳለ፣ ማንንም የምትረታ ይመስልሃል።

የድመት ጠበቃ መንግሥት ያቆመለት ወጣት ነው። የኮቱ ክርን አልቋል፣ ብብቱ ሥር የማን እንደሆኑ እሱም የማያውቃቸው የሚመስሉ ፋይሎች ታጭቀዋል። ችሎቱ በር ላይ የተቋሙን መልስ አነበበና ፈገግ አለ።

«አይከፋም። እንዲያውም ጥሩ ነው።»

«ምኑ ነው ጥሩው?» አለችው። «በደንብ አንብበኸዋል? የጦር መሣሪያ ብቻ ነው ይላል እኮ።»

«አንብቤዋለሁ። እሱው ይበቃናል።»

«ወንድሜን የጦር መሣሪያ ያዥ ያሰኘው ይሄ ቃል አይደለም እንዴ? አንተ የማን ጠበቃ ነህ?»

«እትዬ፣ ይረጋጉ፣ ቆይ ላስረዳዎት…» ሲል የችሎቱ አስተናባሪ የድመትን የመዝገብ ቁጥር ጠራ። ጠበቃው ፋይሎቹን ሰብስቦ ገባ። እሷም ገባች፤ ሊያስረዳት የነበረውን ግን አልጠየቀችውም። አንድ ሰው ሞኝ ነው ብላ ከወሰነች የሞኙን ምክንያት ለመስማት ጊዜ የላትም።

አዳራሹ ጠባብ ነው፤ ወንበሮቹ ይንጫጫሉ። ድመት እናቱ ያደረሰችለትን የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቆሟል። ብረቱና ጎማው ከዳኛዋ ፊት ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፤ አንድ ሰው ቁጥር ለጥፎበታል። ከፊት ወንበር ላይ ጋሼ ይቆረጥ የተቋሙን መልስ በቃላቸው እንዲያጸኑ ተጠርተው ተቀምጠዋል። ዳኛዋ ደብዳቤውን አነበቡት። ዐቃቤ ሕጉ እየሰማ መዝገበ ቃላቱን ገለጠው፣ ዘጋው፣ ብረቱን አየው፣ እንደገና ገለጠው። ለምሳሌ ይሄን ሁሉ አላስተዋለችም። እሷ የምታየው የጋሼ ይቆረጥን ማጅራት ብቻ ነው።

ጠበቃው ተነሳ። «ክብርት ዳኛ፣ እንግዲህ በተቋሙ መልስ መሠረት ማስወንጨፊያ ማለት የጦር መሣሪያ ብቻ ከሆነ…»

«መልሱ ጎዶሎ ነው» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ።

አዳራሹ ዞረ። ለምሳሌ ቆማለች።

«እርስዎ ማነዎት?» አሉ ዳኛዋ።

«የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ ነኝ። ይሄን ቃል የፈታሁት እኔ ነኝ። የተከሳሹም እህት ነኝ፤ እሱን አልደብቅም።»

ጠበቃው በእጁ ቁጭ ይበሉ እያለ ይለማመጣታል። ጋሼ ይቆረጥ ወደ ኋላ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳኛዋ፣ ዘመድ መሆኗን ገልጸው ዐቃቤ ሕጉ ተቃውሞ እንዳለው ጠየቁት። ዐቃቤ ሕጉ ለአፍታ እሷን፣ ለአፍታ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብረት ተመለከተ።

«ተቃውሞ የለንም፣ ክብርት ዳኛ። ባለሙያ ናቸው። ይሰሙልን።»

እሷም ወደ ፊት ወጣች። በኋላ በዚያ የነበሩ ሰዎች እንዳወሩት እንደዚያ ያለ ንግግር በዚያ አዳራሽ ተሰምቶ አያውቅም።

«ክብርት ዳኛ፣ በቋንቋችን መጥረጊያ የሚጠርጉበት ነው። መክፈቻ የሚከፍቱበት፣ መቁረጫ የሚቆርጡበት ነው። መቁረጫውን ልብስ ሰፊም ይይዘዋል፣ ፀጉር አስተካካይም ይይዘዋል፤ አለቃዬም ይይዙታል።» ከኋላ ሳቅ ተሰማ። «ማስወንጨፊያም የሚያስወነጭፉበት ነው። ምን እንደሚያስወነጭፉ ቃሉ አይጠይቅም። ለመሆኑ ቃሉ ከየት መጣ? ከወንጭፍ። ገበሬ ወፍ ከሰብሉ የሚያባርርበት ወንጭፍ። ሮኬት ሳይፈጠር ወንጭፍ ነበረ። ሮኬቱ ነው ስሙን ከወንጭፍ የተዋሰው፤ አሁን ተዋሹ ባለቤቱን ከቤቱ ላስወጣ እያለ ነው።»

ዳኛዋ ብዕራቸውን አንስተው መጻፍ ጀመሩ።

«ወንድሜ እንተኩሳለን ብሏል ተብሎ ተከሷል። እናቴ ዛሬ ጠዋት ሸሚዝ ስትተኩስ ነበር፤ ያውላችሁ፣ ተከሳሹ ለብሶታል። ከሳሽ ዐቃቤ ሕግ የለበሱት ካባም ተተኩሷል። ማን እንደተኮሰባቸው አላውቅም፤ ግን ቆስለው አላየሁም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ካባውን ዝቅ ብሎ አይቶ ፈገግ አለ፤ ዳኛዋም አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ድመት በሳጥኑ ውስጥ ሆኖ በኩራት ወደ ጠባቂው ዞሮ «እህቴ ናት» አለው። ለምሳሌ ሰማችው። ከዚያ ወዲያ ማን ያቆማታል? ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ብረቱን አነሳችው። ጎማውን በጣቷ ለጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ጧ አለ።

«ይሄ ማስወንጨፊያ ነው። አለቃዬ ሌላ ፍቺ የለውም ብለው በማኅተም ጽፈዋል። አለው። ይሄው። እንዲያውም ስሙ ከሮኬቱ ይልቅ የሚገባው ለዚህ ነው፤ እንደ ወንጭፍ ተለጥጦ የሚለቀቅ ነውና።»

ጋሼ ይቆረጥ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። አፈሩ፣ አለች በሆዷ። ይፈሩ። ብረቱን እንደያዘች ቆመች።

ዐቃቤ ሕጉ ቀስ ብሎ ተነሳ። ትሕትናው ማር ነው።

«እናመሰግናለን። እኔ ራሴ ብዙ ተምሬያለሁ። አንድ ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። በእጅዎ የያዙት ማስወንጨፊያ ነው?»

«ነዋ። እስካሁን ምን ስል ነበር?»

«ሠራተኞቹ ለቀልድ ወይም በቅጽል የሚጠሩት ሳይሆን፣ በእውነተኛው ስሙ?»

«በእውነተኛው ስሙ።»

«ስለዚህ የመዝገበ ቃላቱ ፍቺ ጠባብ ነው ይላሉ።»

«ጠባብ ነው። ቃሉ ሰፊ ነው። ማንኛውም የሚያስወነጭፍ መሣሪያ ማስወንጨፊያ ነው።»

«ማንኛውም» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

«ማንኛውም።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ነው ጠበቃው ዓይኑን የጨፈነው።

«ክብርት ዳኛ» አለ ዐቃቤ ሕጉ ወደ መድረኩ ዞሮ፣ «ሕጉ የሚለው ማንኛውንም ማስወንጨፊያ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የተቋሙ መልስ ከተነበበ በኋላ ተቸግረን ነበር። ማስወንጨፊያ ማለት የሮኬት መተኮሻ ብቻ ከሆነ ይሄ ብረትና ጎማ ማስወንጨፊያ ነው ብለን ማስረዳት አንችልም። ክሱን እስከ መተው አስበን ነበር። አሁን የተከሳሹ እህት፣ ቃሉን የፈቱት ባለሙያ፣ በእጃቸው ይዘው አስረድተውልናል። ሌላ ጥያቄ የለኝም።»

መጀመሪያ አልገባትም። የሰማችውን ቃል በቃል ታውቀዋለች፤ አንዱም ቃል አዲስ አልነበረም። ቆይቶ ገባት። ጠባቡ ፍቺ አጥር ነበር፤ ወንድሟ ከአጥሩ ውጭ ነበረ። እሷ ናት አጥሩን አፍርሳ፣ እጁን ይዛ ወደ ውስጥ ያስገባችው። ጠበቃውም ሊላት የነበረው ይሄንኑ ነው። ጋሼ ይቆረጥም «ጠበብ ብሎ ቢቆይ» ያሉት ይሄንኑ ነው።

«እኔ የተናገርኩት ስለ ቃሉ ነው» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ስለ ሕጉ አይደለም። ሕጉ ነው ጅሉ። ማንኛውም ብሎ የሚጽፍ ሰው… ገበሬው ከነወንጭፉ ይታሰር? በላስቲክ የሚጫወት ሕፃን ይታሰር?»

«ፍርድ ቤቱ የጠየቀው ስለ ቃሉ ነው» አሉ ዳኛዋ። አሁን አይስቁም። «ሕጉን ያወጣነው እኛ አይደለንም። ብረቱን ያስቀምጡት፣ እባክዎ።»

ብረቱን ገና እንደያዘች ነበረች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ጎማው እጇ ላይ ሽታውን ትቶባታል።

ጠበቃው የሚችለውን ሁሉ ተናገረ። የሥራ ዕቃ ነው፣ ጉዳት አላደረሰም፣ ክፉ ሐሳብ የለውም አለ። ዳኛዋ ረፍት ወጥተው ተመልሰው ውሳኔውን አነበቡ። ክፉ ሐሳብ አለመኖሩ ቅጣቱን ያቀለዋል እንጂ ጥፋቱን አያስቀረውም፤ ዕቃው ማስወንጨፊያ መሆኑ በተከሳሹ በራሱ ጽሑፍና በባለሙያ ምስክርነት ተረጋግጧል። አንድ ዓመት። በእህቱ ቃል ላይ የተመሠረተውን አንቀጽ ሲያነቡ ዳኛዋ ቀና ብለው አላዩዋትም፤ ይሄንንም እንደ ርኅራኄ ትቁጠረው እንደ ስድብ አላወቀችም።

ኮሪደሩ ላይ ከኋላዋ አንድ ሰው ለጓደኛው «ቃሉን ፈትታ ወንድሟን አሰረችው» ሲል ሰማች። ዞራ ልታዋርደው አሰበች፤ ግን የሚታረም ስሕተት አላገኘችበትም። ጋሼ ይቆረጥ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቋታል።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለቻቸው። መጮኽ ፈልጋ ነበር፤ የወጣው ግን ሹክሹክታ ነው።

«ነገርኩሽ።»

«በቅጡ አልነገሩኝም። በተረት ነው የነገሩኝ።»

«ልጨርስ ስል ምክርዎን ይቁረጡት አልሽኝ።» ባርኔጣቸውን አዙረው አዙረው ያዙት። «ደግሞ አልዋሽሽም። ደብዳቤውን የጻፍኩት ለመጽሐፉም ብዬ ነው። ለሁለቱም ነው። የትኛው እንደሚበልጥ አትጠይቂኝ።»

ልትጠላቸው ፈለገች። ያን ሁሉ ቀን ንዴቷ የሚያርፍበት ደህና ቦታ ነበረው፤ አሁን የትም ቢወረወር ተመልሶ እሷው ላይ ይወድቃል። ሕጉን ረገመች፣ አርቃቂዎቹን ረገመች፣ ዐቃቤ ሕጉን ከነተተኮሰው ካባው ረገመች። ሁሉም ይገባቸዋል። አንዳቸውም ግን እሷን አስገድደው ከወንበሯ አላስነሷትም።

ድመትን በዚያው ኮሪደር ይዘውት መጡ። ሸሚዙ አሁንም አልተጨማደደም። ሲያያት ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«እንዴት አድርገሽ ነው የተናገርሽው እትዬ። ጠባቂው እንኳን ሲስቅ ነበር» አላት። አልተቆጣትም። አንገቱን ደፍቶ ወደ መኪናው ገባ።

እናትየው ከሰዉ መካከል እየተጋፋች ወጣች። ነጠላዋ ወርዶባታል። ፊቷ ላይ ሳቁ ገና አልጠፋም፤ አዳራሹ ሲስቅ አብራ ስቃለች፣ ዳኛዋ ሲጽፉ አይታለች፣ ዐቃቤ ሕጉ ሲያመሰግን ሰምታለች፤ በሕግ ቋንቋ የተነበበው ውሳኔ ግን አልገባትም። የመኪናው በር ሲዘጋ እያየች የለምሳሌን ክንድ ያዘች።

«አሸነፍሽው አይደል? አመሰገነሽ እኮ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁሉም ትክክል ነሽ ብለዋል» አለች። «ታዲያ ልጄን የት ነው የሚወስዱት?»

ለምሳሌ የወረደውን የእናቷን ነጠላ ትከሻዋ ላይ መለሰችላት።

«ትክክል ስለሆንኩ ነው፣ እማዬ» አለቻት።